ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፦ የታይላንዱ ቡሚቦል 70 ዓመታትና ያልተወረሰው ሞገስ

ባንኮክ ለሕክምና ሄዶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ስለ ከተማዋ ብትጠይቁት ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅና ስለ ወበቁ ያወራችኋል፤ ቀጥሎ የንጉሡን ፎቶግራፍ ማንሳቱ አይቀርም። ባንክ ቤት አለ፣ መድኃኒት ቤት አለ፣ ሩዝና ዶሮ የምትሸጠው ሴትዮም ከጋሪዋ በስተጀርባ ሰቅላዋለች። ልብ ብሎ ላየ ግን አንድ ነገር ይገርመዋል። ዛሬ ዙፋኑ ላይ ያሉት ንጉሥ ማሃ ቫጂራሎንግኮርን ናቸው፤ ምስላቸውም በየመሥሪያ ቤቱና በየአደባባዩ ገዝፎ ይታያል። ሰው በገዛ ፈቃዱ ጓዳው ውስጥ የሰቀለው ግን ብዙ ጊዜ በ2016 ያረፉትን አባታቸውን፣ ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅን ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ታይላንዶቹ ራሳቸው በቡድሃ ዘመን ስለሚቆጥሩ ያ ዓመት ለእነሱ 2559 ነበር።)

ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱን የማያውቅ ታይላንዳዊ የለም። ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ታች ደፋ አድርገዋል፤ ከአፍንጫቸው ጫፍ ላይ አንዲት የላብ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ሌላ ምንም የለም፤ ዘውድ የለም፣ ካባ የለም። ንጉሥ እንደ ሰማይ በሚታይበት፣ ተራው ሰው ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ራሱን ከንጉሥ እግር ሥር እንዳለ አቧራ አድርጎ በሚጠራበት አገር፣ ላብ ያንጠባጠበ ንጉሥ ትልቅ ወሬ ነው።

ታይላንዶች ባራሚ የሚሉት ነገር አላቸው። ሞገስ ብንለው ይቀርበዋል፤ ልዩነቱ ሞገስ ለእኛ ከላይ የሚሰጥ ሲሆን ባራሚ በመልካም ሥራ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም መሆኑ ነው። ቡሚቦል 70 ዓመት ሙሉ አጠራቀሙ። ያጠራቀሙት ግን ብቻቸውን አልነበረም፤ ጄኔራሎች፣ አሜሪካኖች፣ ቴሌቪዥንና የወንጀል ሕጉ አብረዋቸው ነበሩ። ሕዝቡ ለሰውየው የነበረው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ታስቦበት የተሠራም ነበር። ስለ ቡሚቦል የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይመርጣሉ። ዛሬ በአገሪቱ የሚታየው ጭንቅ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ካላየነው አይገባንም።

ሲጀመር ለንግሥና የታሰቡ ሰው አልነበሩም። የተወለዱት በዲሴምበር 1927 አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ካምብሪጅ ከተማ ነው። አባታቸው ልዑል ማሂዶል ሃርቫርድ ሕክምና ይማሩ ነበር፤ እናታቸው ከተራ ቤተሰብ የወጡ፣ ወላጆቻቸውን ገና በልጅነት ያጡ ነርስ ነበሩ። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባት ሞቱ። በ1932 ወታደሮችና ፈረንሳይ አገር የተማሩ ሲቪሎች ተባብረው የንጉሡን ፍጹም ሥልጣን ሻሩ፤ በ1935 ንጉሥ ፕራጃዲፖክ ዙፋኑን ጥለው እንግሊዝ አገር ቀሩ። ዘውዱ ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ተቀምጦ ለሚማር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደረሰው፤ የቡሚቦል ታላቅ ወንድም አናንዳ ነበር። ያኔ ዘውድ ማለት ባዶ ወንበር ነበር ማለት ይቻላል፤ አገሩን የሚያዙት መኮንኖቹ ናቸው።

ጁን 9 ቀን 1946 ጠዋት በባንኮክ ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ጥይት ተሰማ። የ20 ዓመቱ ንጉሥ አናንዳ መኝታቸው ላይ ግንባራቸውን ተመትተው ተገኙ። በዚያው ዕለት የ18 ዓመቱ ቡሚቦል ነገሡ። ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ድረስ አልተዘጋም። አንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊና ሁለት አሽከሮች ተከስሰው በ1955 በሞት ተቀጡ፤ ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ዛሬ አፉን ሞልቶ የሚናገር የታሪክ ሰው ግን ማግኘት ያስቸግራል። ቡሚቦል ራሳቸው ኋላ ለቢቢሲ ሲናገሩ፣ ነገሩ አደጋም ራስን ማጥፋትም እንዳልነበረ መረጋገጡን፣ ማስረጃው ግን ወዲያው መነካካቱንና ጉዳዩ ፖለቲካ መሆኑን ጠቅሰው ምስጢር ነው ብለው አለፉት። በዚሁ ሰበብ የ1932ቱ አብዮት ዋና አሳቢ ፕሪዲ ፓኖምዮንግ በሐሜት ተወነጀሉ፤ በ1947 መፈንቅለ መንግሥት ከአገር ወጥተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በስደት ጨረሱ።

ወጣቱ ንጉሥ ወደ ሎዛን ተመልሰው የሳይንስ ትምህርታቸውን ትተው ወደ ሕግና ፖለቲካ ተዛወሩ። በ1948 በመኪና አደጋ የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በኤፕሪል 1950 ሲሪኪትን አገቡ፤ በሳምንቱ ዘውድ ጫኑ፤ ለሕዝቡ ጥቅምና ደስታ በጽድቅ እንደሚገዙም ቃል ገቡ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ፣ ለሁልጊዜው ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ጄኔራሎቹ የንጉሡን ሥልጣን የሚያጠብ ግልበጣ አድርገው ነበር የጠበቋቸው። እንኳን ደህና መጡ ማለት ይህ ከሆነ።

ነገሩ የተገለበጠው ፊልድ ማርሻል ሳሪት ታናራት በ1957 ሥልጣን ሲይዙ ነው። ሳሪት በምርጫ አልመጡም፣ ከ1932ቱ አብዮተኞችም አይደሉም፤ በማን ስም ልግዛ የሚል ጥያቄ ነበረባቸው። መልሱን ቤተ መንግሥት አገኙት። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1873 ያስቀሩት በንጉሥ ፊት ለጥ ብሎ እጅ መንሳት እንደገና ወግ ሆነ። እስከዚያ የ1932ቱ አብዮት መታሰቢያ የነበረው የጁን 24 ብሔራዊ በዓል በ1960 ተሽሮ ወደ ንጉሡ የልደት ቀን፣ ወደ ዲሴምበር 5 ዞረ። እስቲ አስቡት፦ የንጉሥን ሥልጣን የገደበው ቀን ከዘመን መቁጠሪያ ወጥቶ የንጉሡ ልደት ገባ። ንጉሡም በፊናቸው ለሳሪት ቡራኬ ሰጡ። (ሳሪት በ1963 ሲሞቱ የመንግሥት ገንዘብ ምን ያህል እንደበሉና ስንት ቁባት እንደነበራቸው ጋዜጣው ጉድ አለ። ቤተ መንግሥቱን ግን ጭቃው አልነካውም፤ ይህም ራሱ ስለ አሠራሩ ይናገራል።)

አሜሪካኖችም ፈለጓቸው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሰሜን ቬትናምን የሚደበድቡት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ የሚነሡት ከታይላንድ ምድር ነበር፤ ኮሚኒዝምን ለመመከት ከጠመንጃው ሌላ ገበሬው የሚወደው ንጉሥ ያስፈልግ ነበር። የአሜሪካ የማስታወቂያ ቢሮ የንጉሡንና የንግሥቲቱን ምስል እያተመ በየመንደሩ እንዲበተን አገዘ። በ1960 ባልና ሚስቱ አሜሪካን ሲጎበኙ ሳክስፎን ተጫዋቹ ንጉሥ ኒው ዮርክ ላይ ከጃዙ ሊቅ ቤኒ ጉድማን ጋር አብረው ነፉ። እንደዚያ ዓይነት ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

እዚህ ላይ የሚያቆሙ ተቺዎች አሉ፤ ሁሉም ነገር ማስታወቂያ ነበር ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰውየው ሠርተዋል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሃያና ሠላሳ ዓመት፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ወራትን ጭቃ ላይ ነበሩ፤ ካሜራ አንገታቸው ላይ፣ ካርታና እርሳስ እጃቸው ላይ። በ1955 ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ነገሥታት ብዙም ዞር ብለው ወዳላዩዋት ደረቅና ደሃ ክፍል ወጡ። ናኮን ፋኖም ላይ አንዲት ከመቶ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ሎተስ አበባ ይዘው ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቁ አበባው ፀሐይ ላይ ጠወለገ። ንጉሡ ሲደርሱ አሮጊቷ የጠወለገውን አበባ ከራሳቸው በላይ አንሥተው ሰጡ፤ ንጉሡ ከወገባቸው ዝቅ ብለው ፊታቸውን ከአሮጊቷ ፊት ጋር ሊነካካ እስኪደርስ አስጠጉ። አብሮ የነበረው ፎቶ አንሺ ያቺን ቅጽበት ያዛት። ፎቶው በብዙ ሚሊዮን ታትሟል፤ ልማታዊ ፕሮፓጋንዳ ሆኗል። ግን ጎንበስ ማለቱ ውሸት አልነበረም።

የሠሩት ሥራ ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ የንጉሡ የሚባሉት ፕሮጀክቶች ከ4,000 ይበልጣሉ፤ ግድብ፣ ቦይ፣ የአፈር ጥበቃ፣ ደመና ላይ ጨውና ደረቅ በረዶ እየነሰነሱ ዝናብ ማዝነብ። በባንኮክ ቺትራላዳ የሚባለው መኖሪያ ግቢያቸው የሩዝ ማሳ፣ የላም በረትና የዓሣ ኩሬ ነበረው። ለእኛ ሰው የሚጥመው የዓሣው ታሪክ ነው። በ1965 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት የጃፓኑ አኪሂቶ 50 ትናንሽ ዓሦች ላኩላቸው። ዓሦቹ የናይል ቲላፒያ ነበሩ፤ ጣና ዳር ቆሮሶ የምንለው። በኩሬው ተራብተው ለገበሬው ታደሉ፤ ታይላንዶችም ከናይል ስም ጋር በሚመሳሰል ቃል ‘ፕላ ኒን’ አሏቸው። ዛሬ በየመንገዱ ዳር በጨው ተለውሶ ከሰል ላይ የሚገላበጠው ዓሣ እሱ ነው። ከ1969 ጀምሮ በሰሜኑ ተራራ ኦፒየም በሚያበቅሉት መንደሮች ፖፒውን በአትክልት፣ በኮክና በአረቢካ ቡና የመተካት ሥራ ተያዘ። ዓሣውም ቡናውም የዘር ሐረጋቸው ወደኛው አካባቢ ይስባል።

ፖለቲካው ውስጥ የገቡበት መንገድ ግን እንደ ግድቡ ቀጥ ያለ አልነበረም። በኦክቶበር 1973 ተማሪዎች ሕገ መንግሥት ይሰጠን ብለው ባንኮክን ሞሏት፤ ወታደር ተኮሰ። የቤተ መንግሥቱ በር ተከፍቶ የሚሸሹት ተማሪዎች ወደ ውስጥ ገቡ፤ አምባገነኑ ታኖም ኪቲካቾርን ከአገር ወጡ፤ ንጉሡ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሾሙ። አዲስ አበባ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር የየካቲት 66ቱ እንቅስቃሴ የተነሣው ከዚህ ከአራት ወር በኋላ ነው። እዚህ ተማሪ ዙፋን ሲገለብጥ እዚያ ተማሪ የንጉሥ ፎቶ ይዞ ሰልፍ ወጣ፤ ንጉሡም ከግርግሩ የበለጠ ገዝፈው ወጡ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ቤተ መንግሥት ሌላ ጎኑን አሳየ። ቬትናም፣ ላኦስና ካምቦዲያ በ1975 በኮሚኒስቶች እጅ ወድቀዋል፤ የላኦስ ዘውድ ተሽሯል። የባንኮክ ልዑላን ተራው የኛ ነው ብለው ፈሩ። ኦክቶበር 6 ቀን 1976 ፖሊስና ንጉሥ ወዳድ ነን የሚሉ ታጣቂዎች ታማሳት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሪ ፈጁ፤ ሰበቡ ተማሪዎቹ በቴአትር ላይ አልጋ ወራሹን የሚመስል ሰው ሰቀሉ የሚል የጋዜጣ ፎቶ ነበር። በመንግሥት ቁጥር እንኳ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ከተገደሉት አንዱን ዛፍ ላይ ሰቅለው በወንበር ሲደበድቡት፣ ዙሪያውን ከበው ከሚያዩት መካከል የሚስቅ ልጅ የሚታይበት ፎቶ አለ፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። በዚያው ዓመት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ቅጣት ከፍ አለ፤ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን የዘለፈ ከ3 እስከ 15 ዓመት ይታሰራል። ለእያንዳንዱ ቃል፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ለብቻው ይቆጠራል። አባቶቻችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ፤ ታይላንድ ላይ ሰማዩን የነካ ራሱ ይከሰሳል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የሽምግልና ዘመን ነው። በሜይ 1992 ወታደር እንደገና ተኩሶ ሰው ከሞተ በኋላ ቴሌቪዥኑ አንድ ትዕይንት አሳየ። ንጉሡ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ሱቺንዳ ክራፕራዮንና የተቃዋሚው መሪ ቻምሎንግ ስሪሙዋንግ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተንበርክከዋል። ንጉሡ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ እንደ ሰለቸው የሰፈር ሽማግሌ፣ በፍርስራሽ ላይ ቆሞ አሸነፍኩ ማለት ለማን ይጠቅማል ብለው ይገሥጿቸዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሱቺንዳ ለቀቁ። ዓለም በሙሉ አጨበጨበ። አንድ ነገር ግን ያኔ ሳይታሰብ ታለፈ፤ ክርክርን በፓርላማና በፍርድ ቤት መጨረስ ትቶ ወደ አንድ ሰው ሶፋ የሚሮጥ አገር፣ ያ ሰው ሲያረጅ ወዴት ይሮጣል?

መልሱ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ቢሊየነሩ ታክሲን ሺናዋትራ ከ2001 ጀምሮ የገጠሩን ድምፅ በርካሽ ሕክምናና በመንደር ብድር ሰበሰቡ፤ ገበሬው ከንጉሡ ሌላ የሚያስብልኝ አለ ማለት ጀመረ። በ2006 የንግሥናው 60ኛ ዓመት ሲከበር መቶ ሺዎች ቢጫ ለብሰው ወጡ፤ ንጉሡ ሰኞ ስለተወለዱ ቢጫ የሰኞ ቀለም ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ታንኮች ጠመንጃቸው ላይ ቢጫ ሪባን አስረው ታክሲንን ገለበጡ። የሁሉም የነበረ ቀለም የአንድ ወገን መለያ ሆነ፤ ሌላው ቀይ ለበሰ። በ2010 ባንኮክ መሀል በወታደርና በቀይ ለባሾቹ ግጭት ከ90 በላይ ሰው ሞተ፤ ንጉሡ ሆስፒታል ነበሩ፤ እንደ 1992ቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚገሥጽ አልተገኘም። በ2014 ደግሞ ጄኔራል ፕራዩት ቻን-ኦቻ ገለበጡ። በንግሥናው ዘመን የተሳካው ግልበጣ ወደ 10 ይጠጋል።

ኦክቶበር 13 ቀን 2016 ከቀትር በኋላ፣ በሲሪራጅ ሆስፒታል ግቢ ለጤናቸው በጎ ዕድል ያመጣል የተባለውን ሮዝ ልብስ የለበሰ ሕዝብ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጸልይ ነበር። ማታ ዜናው ሲነገር ያ ሁሉ ሮዝ ባንዴ ዋይ አለ። 88 ዓመታቸው ነበር፤ 70 ዓመት ከአራት ወር ነግሠዋል። በቀናት ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ከገበያ ጠፋ፤ በየመንገዱ ዳር በጎ ፈቃደኞች ትልልቅ ድስት ጥደው የደሃውን ቀለማም ከነቴራ በነጻ ጥቁር ይነክሩ ነበር። እኔ ከዚያ ሐዘን ሁሉ የምጠቅሰው ይህን ድስት ነው፤ በአዋጅ የሚወጣ ሐዘን በእንፋሎት መሀል ቆሞ የጎረቤት ሸሚዝ አያማስልም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አስከሬኑ ባለበት አዳራሽ ተሰልፎ እጅ ነሣ።

ልጃቸው የወረሱት ምን ነበር? ዙፋኑን ወረሱ። ሀብቱንም ወረሱ፤ ፎርብስ መጽሔት በ2008 የቤተ መንግሥቱን ሀብት 35 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ሲገምት መንግሥት ይህ የንጉሡ የግል ንብረት አይደለም ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ በ2017 እና 2018 በወጡት ሕጎች ግን የዘውዱ ንብረት፣ የሲያም ሲሚንቶና የሲያም ንግድ ባንክ አክሲዮን ጭምር፣ በአዲሱ ንጉሥ ስም ሆነ። በ2019 ሁለት የባንኮክ እግረኛ ሬጅመንቶች በቀጥታ ለእሳቸው ተሰጡ። ሕጉንም ወረሱ። ባራሚው ግን በኑዛዜ የሚተላለፍ አይደለም። በንግሥናው የመጀመሪያ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ጀርመን ባቫሪያ ይቀመጥ የነበረ ንጉሥ የላብ ጠብታ ፎቶ ከየት ያመጣል?

በኦገስት 2020 ታማሳት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ዘውዱን የሚመለከት 10 ጥያቄ መድረክ ላይ ቆመው አነበቡ። ጥያቄዎቹ ንጉሥ ይውረድ አይሉም፤ በጀቱ ይቀነስ፣ የቤተ መንግሥቱና የመንግሥት ንብረት ይለይ፣ ግልበጣን አይባርኩ፣ 112 ይሻር ነው የሚሉት። ሲኒማ ቤት ከፊልሙ በፊት የንጉሡ መዝሙር ሲነሳ ወጣቱ ፋንዲሻውን ይዞ መቀመጥ ጀመረ። ከዚያ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በ112 የተከሰሱት ከ270 በላይ ናቸው፤ የተማሪዎቹ ጠበቃ አኖን ናምፓ ከ2023 ጀምሮ እስር ቤት ነው፤ በ2024 አንድ ሰው በፌስቡክ ጽሑፎቹ 50 ዓመት ተፈረደበት። በ2023 ምርጫ ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ 112ን ላሻሽል በማለቱ በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት ፈረሰ። ቡሚቦል በ2005 የልደት ንግግራቸው ላይ ንጉሥም ሊሳሳት ይችላል፣ ልተች ይገባል ብለው እንደነበር የሚያስታውስ ዳኛ ያለ አይመስልም።

በኦክቶበር 2025 ንግሥት ሲሪኪት በ93 ዓመታቸው ሲያርፉ ባንኮክ እንደገና ጥቁር ለበሰች። ሐዘንተኛው ከንግሥቲቱ ፎቶ ጎን አብሮ የያዘው የቡሚቦልን ነበር፤ የጥንዶቹን፣ በወጣትነታቸው።

የ1932ቱን አብዮት የምታስታውስ አንዲት የነሐስ ሰሌዳ በአሮጌው የዘውድ አደባባይ አስፋልት ላይ ተቀብራ ነበር። በኤፕሪል 2017 ድንገት ጠፋች፤ በምትኩ ለንጉሥ ታማኝነትን የሚያወድስ ሌላ ሰሌዳ ተተከለ፤ ማን እንዳነሳት ዛሬም አልተነገረም። በሴፕቴምበር 2020 ተማሪዎች አገሪቱ የሕዝብ እንጂ የንጉሥ አይደለችም የሚል አዲስ ሰሌዳ ሠርተው፣ ቡሚቦል ከሦስት ዓመት በፊት በወርቃማ ደመራ በተቃጠሉበት በሳናም ሉዋንግ ሜዳ ላይ በእሑድ ማለዳ ቀበሩት። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው የለም፤ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተለስኗል።